ከዋራም ፐርሲ አጥቢያ መቃብር የተገኘ የባላገር ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ኮረብቶች መካከል የሚገኘው ዋራም ፐርሲ በ1500 ዓ.ም. ገደማ ጠፍ የሆነ መንደር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የበግ ጠጕር ከእህል ይልቅ ትርፍ ስለ ሰጠ ባለርስቱ እርሻውን ወደ ግጦሽ ለውጦ የቀሩትን ገበሬዎች አስነቀላቸው። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ግን ለአካባቢው መንደሮች አጥቢያ ስለ ነበረ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሙታን ይቀበሩበት ነበር።

የታሪክ ሊቅ የሆኑት ሞሪስ ቤሬስፎርድ በዚህ ቦታ ቁፋሮ የጀመሩት በ1950 ነው። ጥቂት ቆይቶም የአርኬኦሎጂው ሊቅ ጆን ኸርስት ተባበሯቸው፤ ሥራውም በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንት እየተካሄደ እስከ 1990 ዘለቀ። በመጀመሪያ የተፈለገው የገበሬው ቤት መሠረት ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ የሚያነጋግረው ከቤተ ክርስቲያኑና ከቅጽሩ የወጣው የ687 ሰዎች ዐፅም ነው። አብዛኞቹ እንደ ክርስቲያን ሥርዓት ራሳቸው ወደ ምዕራብ፣ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ያለ ጌጥ የተቀበሩ ናቸው።

የመካከለኛው ዘመን መዝገብ ባላገሩን የሚያነሣው ግብር ሲከፍል ወይም ሲከሰስ ነው፤ ሕፃናቱንማ ከነጭራሹ አያውቃቸውም። ዐፅሙን የመረመሩት ሳይመን ሜይስ የልጆቹን ዕድሜ ከጥርሳቸው፣ ቁመታቸውን ከጭናቸው አጥንት ለክተው ሲያስተያዩ የ14 ዓመቱ ልጅ ቁመት ከዛሬው የ10 ዓመት ልጅ የማይበልጥ ሆኖ አገኙት። ይህ በ19ኛው መቶ ዓመት በፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት የእንግሊዝ ልጆች ጋራ የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ በፊት የነበረው ባላገር ጠግቦና ጤነኛ ሆኖ ይኖር ነበር የሚለው የቆየ አስተያየት እንደ ገና ሊመረመር ይገባዋል። በአጥንቱ ውስጥ ያለው የናይትሮጂን ዓይነት እንደሚያስረዳውም ሕፃናቱ ጡት የሚጥሉት በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ዕድገታቸውን ያዘገየው ጡት ከጣሉ በኋላ ያገኛቸው የምግብ ማነስና በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

በእርግጥ በልጅነታቸው የተቀበሩት በሕይወት ያልዘለቁት ናቸውና ከሁሉ ይልቅ ደካሞቹ ነበሩ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሱት ወንዶች አማካይ ቁመት 169 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከዛሬው ሰው የሚያንሰው በጥቂት ነው። ይህም ዕድገቱ የዘገየ እንጂ የተቋረጠ እንዳልነበረ፣ ወጣቱም ዛሬ ከተለመደው ዕድሜ አልፎ ያድግ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ሌላው የሚያስገርመው በዋራም ፐርሲ መቃብር ከአዋቂዎቹ መካከል ወንዶቹ በቍጥር ከሴቶቹ መብለጣቸው ነው። በዮርክ ከተማ ግን በ1970ዎቹ ዓመታት በተቈፈረው በቅድስት ሄለን አጥቢያ መቃብር የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። መንደሩ ለከተማው ሩቅ ስላልሆነ ልጃገረዶቹ ለገረድነት ወደ ከተማ እየሄዱ በዚያው ይቀሩ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ከመንደሩ ሲወጡ ስማቸውን የመዘገበላቸው አልነበረም።