ጥቁሮቹ መርከቦች በጃፓን ሠዓሊዎች ዓይን

ያማረ ሥዕል ሁሉ እውነቱን በሙሉ ይናገራልን? በጃፓን አገር በእንጨት ገበታ ላይ ተቀርጸው የታተሙት የመርከብ ሥዕሎች ለዚህ ጥያቄ መልካም ምስክሮች ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሠዓሊው በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ጠራቢው ንድፉን በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ገበታ እየቀባ ወረቀቱን በላዩ አንጥፎ ያትማል። ሥራውን የሚያዝና ወጪውን የሚችል ደግሞ አሳታሚው ነው። ከአንድ ገበታ ብዙ ወረቀት ስለሚታተም ዋጋው ርካሽ ነበረ፤ ስለዚህም ሥዕል ከመኳንንት አዳራሽ ወጥቶ ወደ ባለሱቁና ወደ ባለእጁ ቤት ገባ።

በጁላይ ወር 1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ አራት የጦር መርከቦች ይዞ ዛሬ ቶክዮ በምትባለው በኤዶ ወሽመጥ መግቢያ፥ ከኡራጋ ደረሰ። ከአራቱ ሁለቱ በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። ጃፓን ከጥቂት የሆላንድና የእስያ ነጋዴዎች በቀር ደጇን ለባዕድ ዘግታ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖራ ነበርና፥ ያለ ነፋስ የሚሄደውና ጢስ የሚተፋው ጥቁር መርከብ ሕዝቡን አስደነገጠው። ወዲያውም ያለ መንግሥት ፈቃድና ያለ ሠዓሊ ስም የታተሙ ሥዕሎች በየመንገዱ ተሸጡ። በ1854 ገደማ በታተመ አንድ ሥዕል ላይ መርከቡ ዓይንና አፍ ያለው አውሬ መስሎ ይታያል። በሌሎቹ ላይ ግን የመርከቡ ርዝመትና የመድፎቹ ቍጥር ተጽፏል። ፍርሃትና ምርመራ በአንድ ገበያ ጐን ለጐን ተሸጡ ማለት ነው።

ከ41 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1894 የጃፓን መርከቦች በቢጫው ባሕር የቻይናን መርከቦች ድል ባደረጉ ጊዜ፥ አስፈሪ የነበረው የእንፋሎት መርከብ የኩራት ምልክት ሆነ። ከሠዓሊዎቹ የሚበዙት ውጊያውን በዓይናቸው ሳያዩ ከጋዜጣ ወሬ ተነሥተው ጢሱንና እሳቱን አሳምረው ሣሉ። ኮባያሺ ኪዮቺካ ግን በሦስት ወረቀት በተያያዘ ሥዕሉ ላይ ውሃውን እንደ መስተዋት ገልጦ፥ ከበታቹ የሚሰጥመውን መርከብና የሚሰምጡትን ሰዎች አሳየ። ያም ሥዕል የድል ሥዕል ነበር፤ ነገር ግን የድሉን ዋጋ አብሮ አሳይቷል።

እውነተኛዪቱ መርከብ ሚካሳ በዮኮሱካ ከተማ ዛሬም ትታያለች። በእንግሊዝ አገር የተሠራችው ይህች መርከብ በሜይ 1905 በጹሺማ ውጊያ አድሚራል ቶጎ የሩስያን መርከቦች ድል ሲያደርግ የተቀመጠባት ነበረች። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፥ በሳሴቦ ወደብ ቆማ ሳለች የገዛ ባሩዷ ፈንድቶ ከብዙ መርከበኞቿ ጋራ ሰጠመች። የጠላት መድፍ ያላሰጠማትን የራሷ ጥይት ቤት አሰጠማት። በኋላም ከባሕር ወጥታ ታደሰች።

እንግዲህ የባሕር ጦርነት ሥዕል ስታዩ በውበቱ ተደሰቱ፤ የእጅ ጥበብ ምስጋና ይገባዋልና። ነገር ግን ማን እንዳሠራው፥ ለማን እንደ ተሸጠ፥ ከውሃውም በታች ምን እንዳለ ጠይቁ። ዓይን የወደደውን አእምሮ ሳይመረምር ቢቀበለው፥ ሰው በሌላው ሞት ሲያጌጥ አይታወቀውም።