ከደርግ አባልነት ወደ ብቸኛ ገዥነት፦ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሥልጣን ጉዞ

የኢትዮጵያን ዘውድ የገለበጠው ከየክፍሉ የተውጣጣ የወታደሮች ኮሚቴ ነው፤ የዘውዱን ሥልጣን ጠቅልለው የወረሱት ግን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። በሁለቱ መካከል ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አለፈ።

አመፁ የጀመረው በጦር ሰፈር ነው። ጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና በምግብና በውኃ ችግር የተማረሩ ወታደሮች፣ ነገሩን ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። የወሎ ረኀብ፣ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪና የመምህራን አድማ ተደራርበው በየካቲት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በሰኔ የጦሩ፣ የፖሊስና የክብር ዘበኛ ተወካዮች አዲስ አበባ በ4ኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን መሠረቱ። ማዕረጋቸው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበር፤ ሻለቃ መንግሥቱ የመጡት ከሐረሩ 3ኛ ክፍለ ጦር ነው።

ደርግ ክረምቱን ሚኒስትሮችንና መሳፍንትን አንድ በአንድ አሰረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸው አዋጅ ከተነበበላቸው በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን ተጭነው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ዘውዱ ራሱ ግን ያን ቀን አልተሻረም፤ ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩት አልጋ ወራሽ ንጉሥ እንዲሆኑ ታውጆ ነበር። ይህ በመጋቢት ቀረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ጢሰኝነት ስለተሻረ ባላባቱ የቆመበት መሠረት ተንዷል። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ቀሪው ትግል በራሱ በደርግ ውስጥ ነበር። በኤርትራ ጉዳይ ከደርግ ጋር የተጋጩት ሊቀመንበሩ ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 1967 በቤታቸው በተኩስ ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት 60 ገደማ ሰዎች ተረሸኑ። ተተኪው ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የመንግሥቱን ሥልጣን ለመገደብ በተደረገው ሙከራ ሳቢያ ጥር 26 ቀን 1969 በቤተ መንግሥት ተገደሉና መንግሥቱ ሊቀመንበር ሆኑ። በሚያዝያ በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከስክሰው በጠላቶቻቸው ላይ ዛቱ፤ ቀይ ሽብር የተባለው የግድያ ዘመቻ በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ፈጀ። ኅዳር 1970 ምክትላቸው አጥናፉ አባተ ሲረሸኑ የሚገዳደራቸው አልቀረም።

በ1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ዋና ጸሐፊ፣ በ1979 በሕዝበ ውሳኔ በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረትም ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሰሜን ከአማፂያን ጋር የተደረገው ጦርነት ሠራዊታቸውን ስላዳከመው ግንቦት 13 ቀን 1983 ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። በ1999 ፍርድ ቤት በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ በ2000 የሞት ቅጣት ተፈረደባቸው።