ሁለቱ ድምፆች፦ ከ97ቱ ክርክር ምን ተማርን?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አስተምሬያችሁ አሁን በዴሞክራሲና በምርጫ ጉዳይ በሚሠሩ ማኅበራት ውስጥ የተቀጠራችሁ ጥቂቶች አላችሁ። ሰሞኑን በኢንቦክስ የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቲቸር፣ የሚዲያ ስትራቴጂ አዘጋጁ ተብለናል፤ ሕዝቡ እንዲሰማን ምን እናድርግ?» እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የሚዲያ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ እኮ አዲስ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ተጠይቆ ግማሹ በሚያስቀና ሁኔታ ተመልሷል፤ ግማሹ ሳይመለስ ቀርቶ ዋጋ አስከፍሎናል። ሁለቱንም እንየው።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። በአማርኛ «ድምፅ» ስንል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ የሚገባው፣ ሌላው ኮሮጆ ውስጥ የሚገባው። ሰው ድምፁን ያሰማል፤ ሰው ድምፁን ይሰጣል። ለምርጫ የቆመ ማኅበር ሥራው ሁለቱም ነው፦ የመጀመሪያው እንዲሰማ፣ ሁለተኛው በትክክል እንዲቆጠር ማገዝ። የ97 ታሪክ በአጭሩ የመጀመሪያው ድምፅ ተሰምቶ ሁለተኛው ጋ ዘግይተን የደረስንበት ታሪክ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው መሣሪያ ወረቀት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በ1984 ኢሰመጉን ሲመሠርቱ በእጃቸው ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አልነበረም። ያላቸው መግለጫ ነበር። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ደረሰበት የሚል፣ ስምና ቀን ያለው መግለጫ። የግል ጋዜጦች እየተቀበሉ አተሙት። ዘዴው ቀላል ነው፦ ስሜት ሳይሆን ዝርዝር። ግን ጋዜጣ የሚደርሰው ማንበብ ለሚችልና ለሚገዛ ሰው ነው። እሺ፣ በኪራይ የሚያነበውንም ጨምሩበት። የቀረው ሕዝብ ግን ሬዲዮ ይሰማል።

በ1997 አየሩ በማን እጅ እንደነበር ለወጣቶቹ ላስታውስ። የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አንድ ነው፣ የመንግሥት። ሬዲዮም የመንግሥት ነው፤ ፋና ደግሞ ለገዢው ፓርቲ የቀረበ። ሸገር ኤፍ ኤም ገና አልተወለደም። ፌስቡክ ብሎ ነገር የለም። ሞባይል ያለው ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ኢንተር አፍሪካ ግሩፕ የሚባል አገር በቀል ድርጅት ገዢውን ፓርቲና ተቃዋሚዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያከራክር፣ ክርክሩ በቀጥታ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተላለፈ። ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር። በረከት ስምዖን፣ ብርሃኑ ነጋ፣ ልደቱ አያሌው፣ በየነ ጴጥሮስ፣ መረራ ጉዲና... ሰው ስማቸውን እንደ ኳስ ተጫዋች ሸመደደው።

እኔ ያኔ በርበሬ በረንዳ የማድግ ጎረምሳ ነበርኩ። በረንዳውን ለማታውቁት፦ ከማረቆና ከአላባ የመጣ ዛላ በማዳበሪያ ተደርድሮ፣ ሴቶች ቁጭ ብለው እየቀነጠሱ፣ ተሸካሚው «ወገድ! ወገድ!» እያለ፣ አላፊ አግዳሚው እያስነጠሰ የሚያልፍበት የመርካቶ ክፍል ነው። በየሱቁ ሬዲዮ አለ። ክርክር ካለ ሥራ አይቆምም፣ ግን ድምፁ ከፍ ይላል። ቀንጣሿም፣ ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም እኩል ይሰማል። የመሬት ፖሊሲ ሲነሳ ነጋዴው «ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ እንዴት ይከፍላል?» ብሎ ያብራራል፤ ምክንያቱም በርበሬው የሚመጣለት ከዚያው ገበሬ ነው። በጉራግኛ፣ በስልጥኛ፣ በኦሮምኛ ይተረጎማል። ፓርቲው በአማርኛ የተናገረውን በረንዳው በአራት ቋንቋ ያብላላዋል።

አሁን እንደ ታሪክ አስተማሪ ሳየው፣ ያ ዘዴ የሠራው በሦስት ምክንያት ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ድርጅቱ ራሱን አላስተዋወቀም። «እኛን ስሙን» አላለም፤ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ «እነሱን ስሙ፣ እናንተ ፍረዱ» አለ። በርበሬ የሚገዛ ሰው እኮ ዛላውን ራሱ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ ነው የሚገዛው። ሻጩ «በጣም ጥሩ ነው» ቢለው አያምንም።

ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ያለበት ቦታ ሄደ። ሕዝቡ ሬዲዮ ጋ ነበር፣ ሬዲዮ ጋ ሄደ።

ሦስተኛ፣ በቀጥታ ተላለፈ። ቀጥታ ስርጭት ላይ መቀስ የለም። ሰው የሰማውን ያመነው ለዚህ ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ሚያዝያ 29 የገዢው ፓርቲ፣ ሚያዝያ 30 የቅንጅት ደጋፊ መስቀል አደባባይን ሞላው። ግንቦት 7 ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበር ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰማ ማለት ይሄ ነው። ማንንም ደግፉ፣ ሰው ሰምቶ፣ አመዛዝኖ ወጣ።

ሁለተኛው ድምፅስ?

በአቶ ነጻነት ደምሴ የሚመራው የማኅበራዊ ፍትህ ድርጅትና ሌሎች አገር በቀል ማኅበራት ምርጫውን ለመታዘብ ጠየቁ። ምርጫ ቦርድ ከለከለ፤ ምክንያቱ ስትመዘገቡ ምርጫ መታዘብ ዓላማችን ነው ብላችሁ አልጻፋችሁም የሚል ነበር። ማኅበራቱ ጩኸት አላበዙም፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ቦርዱ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናላቸው። በዚህ አገር የሲቪል ማኅበራት ታሪክ ውስጥ በወርቅ ቀለም የሚጻፍ ድል ነው። ግን መቼ? ምርጫው ቀናት ሲቀሩት! ከ30 ሺህ በላይ ምርጫ ጣቢያ ባለበት አገር፣ በቀናት ውስጥ ታዛቢ ማሠልጠንና ማሰማራት እንዴት ይቻላል? ስለዚህ ውጤቱ ሲያወዛግብ፣ «እኛ በየጣቢያው ቆመን የቆጠርነው ይሄውና» የሚል ሰፊ፣ ገለልተኛ፣ የአገር ልጅ አልነበረም። አንዱ ፓርቲ አሸነፍኩ ይላል፣ ሌላው ተሰረቅሁ ይላል። መሀል ላይ የቀረው የውጭ ታዛቢ ነው፤ እሱም ወዲያው የጸብ አካል ተደረገ።

የተከተለውን በዝርዝር ማንሳት ይከብደኛል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት፣ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። መርካቶ በሁለቱም ዙር ደም አይታለች። የስልክ አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። አቶ ነጻነትና የሕግ ባለሙያው ዳንኤል በቀለ ታስረው እስከ 2000 ድረስ እስር ቤት ቆዩ። በ2001 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣ፦ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ አይሠራም ተባለ። ኢሰመጉ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። ብዙዎቹ ማኅበራት ዓላማቸውን ቀይረው ወደ ልማት ዞሩ። ከዚያ በ2002 ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ አንድ፣ በ2007 ዜሮ። ማንም የሚያከራክር፣ ማንም የሚቆጥር በሌለበት ቁጥር እንዲህ ይሆናል።

ወደ ውጭ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፒንስ ውስጥ ማርቆስና ኮራሶን አኪኖ ሲወዳደሩ፣ ናምፍሬል የሚባል የዜጎች ማኅበር በጎ ፈቃደኞቹን በየጣቢያው አቁሞ የራሱን ቆጠራ አካሄደ። የመንግሥት ቆጠራ ማርቆስን ሲያስቀድም የነሱ አኪኖን አስቀደመ፤ ራዲዮ ቬሪታስ የሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጣቢያም ሁኔታውን ለሕዝብ ያሰማ ነበር። እዚያ ሁለቱ ድምፆች ተገናኙ። ሬዲዮኑ የሚያወራው ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩም የሚያወራለት ሬዲዮ ነበረው።

በኛም አገር ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። የ2001ዱ አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። በ97 የቅንጅት መሪ ሆነው የታሰሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድን መርተዋል፤ ዳንኤል በቀለም የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንን። በ2013ቱ ምርጫ ማኅበራት ተቀናጅተው ታዛቢ አሰማርተዋል፣ ክርክርም በየቴሌቪዥኑ ታይቷል። በርግጥ በጸጥታ ምክንያት ምርጫ ያልተካሄደባቸው ብዙ ቦታዎች ነበሩ። በሩ ግን ሲከፈት እንደሚገባበት አይተናል፤ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም እንደዚሁ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ፣ ከታሪኩ የማወጣው ይሄን ነው።

ሰው ያለበት ሂዱ። የሆቴል አዳራሽ ዎርክሾፕ፣ ባነርና ፎቶ ፌስቡክ ላይ ላይክ ያመጣል። በርበሬ ስትቀነጥስ የምትውለዋ እናት ግን አሁንም ሬዲዮ ነው የምትሰማው፤ እሱም በምትሰማው ቋንቋ ከሆነ።

ስለራሳችሁ አታውሩ። ጠረጴዛውን አዘጋጁ፣ ሰዓቱን እኩል አካፍሉ፣ ቀጥታ አስተላልፉ፣ ፍርዱን ለሰው ተዉት።

ከሁሉም በላይ ቀድማችሁ ጀምሩ። መዝገባችሁ፣ ፈቃዳችሁ፣ ታዛቢያችሁ፣ ክስ ካስፈለገም ክሳችሁ ምርጫው ዓመት ሲቀረው ይለቅ። የ97ቱ ማኅበራት የተሸነፉት በክርክር አይደለም፣ በፍርድ ቤትም አይደለም። በቀን መቁጠሪያ ነው የተሸነፉት። ሕዝብን አነቃቅቶ፣ አሰልፎ፣ ከዚያ ድምፁን የሚቆጥርለት ገለልተኛ ሰው ማጣት ሕዝቡን ጭራሽ ካለማነቃቃት የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ይሄን መርካቶ ታውቀዋለች።

በሉ እናንተም ጻፉ። የ97ን ክርክር የሰማችሁ የት ሆናችሁ ነበር? በየትኛው ሬዲዮ፣ ከማን ጋር? ያልነበራችሁ ወጣቶች ደግሞ ወላጆቻችሁን ጠይቁና ኮሜንት ላይ አምጡልን። መሳደብ የለም፣ ክርክር ግን በደንብ ይፈቀዳል።