አጥንት ከተጠገነ በኋላ፤ በአካል መመርመርና ከሩቅ መከታተል ከ1911 እስከ 2020

አጥንቱ ተሰብሮ ወይም መገጣጠሚያው ታሞ በቀዶ ሕክምና የተረዳ ሰው፥ ቁስሉ ተሰፍቶ ከአልጋው ስለ ተነሣ ብቻ ሕክምናው አለቀ አይባልም። አጥንት የሚገጥመው ቀስ ብሎ ነው፤ በመካከሉም የታሰረበት ብረት ሊላላ፥ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፥ ጉልበቱም አልታጠፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በሽተኛውን በየጊዜው እየጠራ ይመረምረዋል። በዘመናችን ይህ ምርመራ በስልክና በምስል መሣሪያ ከሩቅ ሊፈጸም ስለ ቻለ፥ በአካል መቅረብ ግድ ነውን የሚል ክርክር ተነሥቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የክርክሩን ታሪክ በአሜሪካዋ ቦስተንና በሰሜን ኖርዌይ ከተደረጉት ሥራዎች እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ በሽተኛው ተመልሶ የሚታየው ለምንድር ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት አንዱ የቦስተኑ ቀዳጅ ሐኪም ዶክቶር ኧርነስት ኮድማን ናቸው። እርሳቸው ለእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ አውጥተው ሕመሙን፥ የተሰጠውን ሕክምናና ከአንድ ዓመት በኋላ የታየውን ውጤት ይጽፉ ነበር። አሳባቸው በሚሠሩበት በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ተቀባይነት ስላላገኘ በ1914 ሥራቸውን ለቀቁ፤ አስቀድመው በ1911 በከፈቱት በራሳቸው ትንሽ ሆስፒታል ግን ቀጠሉበት። ከ1911 እስከ 1916 ከዚያ የወጡትን 337 ሕሙማን መዝግበው፥ በሕክምናው ላይ የተፈጸሙትን 123 ስሕተቶች ሳይሸሽጉ አሳተሙ። እንግዲህ በኮድማን ዘንድ ክትትል ለበሽተኛው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሙ ስለ ሥራው መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ ነበር እንጂ።

እኒሁ ሰው ስለ አጥንት ነቀርሳ ባቋቋሙት መዝገብ፥ በልዩ ልዩ ከተማ ያሉ ሐኪሞች የበሽተኞቻቸውን ታሪክና የራጅ ሥዕል እንዲልኩ ያደርጉ ነበር። በሽተኛው ሳይንቀሳቀስ የአጥንቱ ሥዕል በፖስታ ተጓዘ ማለት ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ አጥንትን መመልከት ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ ነገር አይደለም።

ድምፅንና ምስልን አጣምሮ ማስተላለፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያችው በቦስተን፥ ኮድማን በለቀቁት ሆስፒታል፥ ዶክቶር ኬኔት በርድ በ1968 ሆስፒታሉን ከሎገን አውሮፕላን ማረፊያ የሕክምና ጣቢያ ጋር በቴሌቪዥን አገናኙ። ሐኪሙ በሆስፒታሉ ተቀምጦ በጣቢያው ያለውን በሽተኛ ያያል፥ ያነጋግራል። ነገር ግን በበሽተኛው አጠገብ ነርስ ነበረች፤ መንካትና መሣሪያውን በገላው ላይ ማሳረፍ የእርሷ ሥራ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የሩቅ ሕክምና የሰውን እጅ አላስቀረም፤ የሐኪሙን እጅ በነርሷ እጅ ተካው እንጂ።

ጥያቄው በአጥንት ሕክምና በሚገባ የተፈተነው በሰሜን ኖርዌይ ነው። የትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ከ2007 እስከ 2012 ድረስ 389 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ ገሚሱን በትሮምሶ በአካል፥ ገሚሱን በአልታ ከተማ ባለው የሕክምና ማዕከል በምስል መሣሪያ መረመሩ። በ2016 የወጣው ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ ሐኪሞቹ ከሩቅ ምርመራው 98 በመቶውን፥ ከአካሉ ምርመራ 99 በመቶውን ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ብለውታል። ሆኖም ሐኪም የራሱን ምርመራ ጥሩ ቢል ኮድማንን አያሳምናቸውም ነበር። የሚበልጠው ማስረጃ በ2019 የወጣው ነው፤ ከ12 ወር በኋላ ሕሙማኑ ስለ ጤንነታቸው ሲጠየቁ በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከሩቅ ከታዩትም 86 በመቶው የሚቀጥለው ምርመራ እንዲሁ እንዲሆንላቸው መረጡ። ስለ ወጪው በተደረገው ስሌት ደግሞ፥ በዓመት ከ151 በላይ ምርመራ ሲደረግ የሩቁ መንገድ ይረክሳል ተብሏል።

ይህ ውጤት ግን ከነሁኔታው መታየት አለበት። በአልታ የሠለጠነች ነርስ ነበረች፥ የራጅ መሣሪያም ነበረ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች ክትትልን በችኮላ ወደ ስልክና ወደ ምስል አዛወሩ፤ በሽተኛው ግን ብዙውን ጊዜ በቤቱ ብቻውን ነበር። የተሰፋ ቁስል መድረቁን፥ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ በምስል ማየት ይቻላል፤ መገጣጠሚያ መላላቱን፥ ቁስል ከውስጥ መጋሉንና መቋጠሩን ግን ያለ እጅ ማወቅ ያስቸግራል። የአልታን ውጤት ይዞ የአልታን ነርስ መተው ከማስረጃው ውጭ መሄድ ነው።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ ክርክሩ በመሣሪያና በሐኪም መካከል አይደለም። በአካል ተመላልሶ መታየት ዋጋው የሚወድቀው በበሽተኛው ላይ ነው፤ በደካማ እግሩ የሚጓዘው፥ የሥራ ቀኑን የሚያጣውም እርሱ ነው። ይህን ሸክም የሚያቀልለት የሩቅ ክትትል የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በበሽተኛው አጠገብ የሚዳስስ የሠለጠነ እጅ፥ በሐኪሙም ዘንድ ከዓመት በኋላ ውጤቱን የሚጽፍ መዝገብ ሲኖር ነው። ሁለቱ ከጎደሉ በሽተኛው ከመንገድ ድካም ቢድንም፥ ሐኪሙ ስለ ሥራው ከመጠየቅ ያመልጣል፤ ኮድማን ሥራቸውን እስከ መልቀቅ የታገሉትም ይህ እንዳይሆን ነበር።