ከፈለግ እስከ ማውጫ፦ የፍለጋ ቃላት ሥረ መሠረት

በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከሞጣ ወይም ከብቸና ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ሰው «ወደ ፈለገ ሕይወት ሪፈር ተጻፈልኝ» ይላል። ስሙን በአማርኛ ጆሮ ለሰማው «ሕይወትን ፈለገ» የሚል ይመስላል። የሆስፒታሉ ስም ግን ግእዝ ነው፤ በግእዝ ደግሞ ፈለግ ማለት ወንዝ ነው። ስለዚህ ፈለገ ሕይወት የሕይወት ወንዝ ማለት ነው። ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ዓባይንም የአብነት ተማሪ በግእዝ ሲጠራው ፈለገ ግዮን ይለዋል። ታዲያ ወንዝ የነበረው ቃል እንዴት መሻት ሆነ? ዛሬ በየስልካችን ላይ «ፍለጋ» ተብሎ የተጻፈው ቃልስ ከየት ተነሥቶ እዚያ ደረሰ? ይህን የምጠይቀው የቃላቱ ታሪክ ድረ ገጾችን እያሰሰ መልስ የሚያቀርበውን የፍለጋ መሣሪያ አሠራር አጥርቶ ስለሚያስረዳ፣ ከዚያም በላይ መሣሪያው አማርኛን በደንብ እንዲያውቅ ምን እንደሚጎድለው ስለሚያሳይ ነው።

ሥሩ ፈ-ለ-ገ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ግሱን ከመክፈል፣ ከመሰንጠቅና ከመቦርቦር ጋር ያያይዘዋል። ዕብራይስጥ በዚሁ ሥር ቦይንና ጅረትን «ፔሌግ» ይላል። በኦሪት ዘፍጥረት የዔቦር ልጅ ፋሌቅ በዚህ ስም የተጠራው በእርሱ ዘመን ምድር ስለተከፈለች ነው። ዐረብኛም የመስኖ ቦይን «ፈለጅ» ይለዋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የኦማን የመስኖ ቦዮች የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። በሁሉም ዘንድ መነሻው አንድ ነው፦ ምድርን ሰንጥቆ የተከፈተ መስመር።

ውኃው ቢደርቅም የሄደበት መስመር ይቀራል። አማርኛ ከግእዝ የወረሰው ይህን የሚቀረውን መስመር ነው። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ስንል ወንዝ ትዝ አይለንም፤ የምናስበው ዱካን ነው። ከብት የጠፋበት ገበሬ ፈለጉን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚህ ፈለግን መከተል ራሱ «መፈለግ» ተባለ። ቃሉ ከዱካ ወደ ልብ ገብቶም «ፍላጎት» ሆነ፤ ገና በዐይን ያልታየውን ነገር መሻት ማለት ነው።

የፍለጋ መሣሪያ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጥንታዊ ፍቺ አይርቅም። ለዚህ የተጻፈው ፕሮግራም በጥቂት የታወቁ አድራሻዎች ይጀምራል። አንዱን ገጽ ይጠይቃል፣ ጽሑፉን ይገለብጣል፣ በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ይለቅማል፣ እነርሱን በተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ላይ ጨምሮ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሊንክን አንዳንዶች «ማስፈንጠሪያ» ይሉታል፤ የሚጫነውን ሰው ወደ ሌላ ገጽ ያስፈነጥረዋልና። ለፕሮግራሙ ግን ሊንክ ፈለግ ነው። ባለቤቱ አድራሻውን ራሱ ካላስመዘገበ በቀር፣ ማንም ሊንክ ያላደረገበት ገጽ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢይዝ ሳይታይ ይቀራል።

እንግሊዝኛ ይህን ሥራ በመዳህ ስም ይጠራዋል፤ ቃሉ በጥንታዊ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ በእጅ ከመቧጠጥ የመጣ ነው። ኬቨን ስካኔል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ብዙ ጽሑፍ ለሌላቸው ቋንቋዎች ከድረ ገጽ ጽሑፍ የሚሰበስብ ፕሮግራም ሲሠሩ በአየርላንድኛ «አን ክሩባዳን» ብለውታል፤ እርሱም ዳዴ የሚል ፍጥረት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን የትም አይሄድም፤ ካለበት ኮምፒውተር ሆኖ ገጽ እየጠየቀ ያስመጣል። ስለዚህ ስሙን ወደ አማርኛ ስናመጣ የሌላውን ምስል ተውሰን «የሚድኽ» ከምንል ለሥራው የሚስማማውን የራሳችንን ግስ ብንይዝ ይሻላል።

ግስ ደግሞ አልጠፋም። አንዱ አሰሰ ነው። አማርኛው ወንጌል «ፈለገ» በሚለው ቦታ በግእዙ የሚገኘው ግስ ኀሠሠ ነው፤ የአማርኛው አሰሰ የእርሱ ልጅ ነው። የጉሮሮ ድምፁ ጠፋ፣ «ሠ» እና «ሰ» በአንድ ድምፅ ተቀላቀሉ፣ ከአሰሰም አሰሳና አሳሽ ወጡ። ፈረሰ «ፈራሽ»፣ ዳሰሰ «ዳሳሽ» እንደሚል ሁሉ፣ በአድራጊው ስም መጨረሻ «ስ» ወደ «ሽ» ትለወጣለች። አሳሽ ትናንት አገር ለአገር የሚዞር መርማሪ ነበር፤ ዛሬ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም ስም ሆኗል። አሰሳ ቦታን ሳይዘልሉ ጥግ በጥግ ማዳረስ ነው፤ ገጾችን እየዞረ ለሚሰበስበው ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ግስ ሻ ነው፤ መሻት። በቀድሞ ዘመን የሌባ ምርመራ ስም «ሌባ ሻይ» ውስጥ ያለው ሻይ ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም፤ ፈላጊ ማለት ነው። ልጅን መድኃኒት አጠጥተው፣ በገመድ ይዘው ይለቁት ነበር፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ይህ ያለ ፈለግ የሚደረግ መሻት ነበር፤ ንጹሑን ሰው ይከስስ ስለነበር ቀረ። ፈለገ ግን ከምልክት ተነሥቶ ወደ ሌላ ምልክት ያልፋል፤ ስለዚህ የደረሰበትን ነገር በምን እንደደረሰበት ማሳየት ይችላል።

የተሰበሰበው ጽሑፍ ለብቻው መልስ አይሆንም፤ ማውጫ ያስፈልገዋል። ማውጫ ከአወጣ፣ አወጣ ከወጣ፣ ወጣም ከግእዙ ወፅአ የመጣ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ «አውጫጭኝ» የሚባል የቆየ የሕግ ቃል አለ። በአገር ስርቆት ሲደርስ የአካባቢው ሰው በአንድነት ይጠራ ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። በሌላ አካባቢ አፈርሳታ ይባል ነበር። የአውጫጭኝ ድጋሚ ፊደላት የሚያሳዩት አንዱ ከሌላው እየጠየቀ፣ እየተቀባበለ ማውጣትን ነው። የላቲኑ «ኢንዴክስ» በበኩሉ አመልካች ጣት ማለት ነበር። ስለዚህ ላቲን ነገሩ ያለበትን ያመለክታል፤ አማርኛ የተደበቀውን ያወጣል።

የፍለጋ መሣሪያ ማውጫ የሚሠራው ገጽን ወደ ቃላት በመገልበጥ ነው። ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት እያለ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ቃል ይዞ የተገኘበትን ገጽ ሁሉ ከሥሩ ይዘረዝራል። «ሞጣ» ከሚለው ቃል ሥር ሞጣን የጠቀሰ ገጽ ሁሉ አስቀድሞ ተሰልፏል፤ «ጊዮርጊስ» ከሚለውም ሥር እንዲሁ። አንድ ሰው «ሞጣ ጊዮርጊስ» ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው ዓለሙን እንደ አዲስ አያስስም፤ ሁለቱን ዝርዝሮች አገናኝቶ በሁለቱም ላይ ያሉትን ገጾች ያወጣል። ፍጥነቱ ያለው አስቀድሞ በተደከመበት በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ለዚህ ክምችት ቋንቋችን ሌላም ቃል አለው፦ መዝገብ። በግእዝ ዘገበ ማለት አከማቸ፣ መዝገብም ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው። ሀብቱ ቃል ሲሆን መዝገበ ቃላት፣ ጉዳይ ሲሆን የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሰሙትን ማቅረብ ሲሆን ዘገባ ተባለ። የምሥራቅ ጎጃም አድባራት በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ርስትን፣ ጉልትን፣ ሽያጭንና ምስክርን በመጻሕፍት ባዶ ገጾችና በመዛግብት ጽፈው አቆይተዋል። ሀብታሙ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2004 በማኅበራዊ ጥናት መድረክ የታተመውን የምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ጥናታቸውን ያዘጋጁት እንዲህ ያለውን ሰነድ ቅጠል በቅጠል እያሰሱ ነው። የመሬቱ ስም፣ የሰዎቹ ስምና የምስክሩ ስም ማውጫ ሲወጣላቸው ነው መዝገቡ ለታሪክ የሚናገረው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጠባይ ይመጣል። ማውጫ ሠሪው ፕሮግራም ቃልን የሚለየው በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ ነው። ለእርሱ ሞጣ፣ በሞጣ፣ ከሞጣ፣ የሞጣ፣ ሞጣን፣ ስለሞጣም ስድስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። መፍትሔው መነሻ ፊደላትን መቁረጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በጭፍን የሚቆርጥ ፕሮግራም የጁቤን «ጁቤ»፣ የበለስን ወንዝ «ለስ» ያደርጋቸዋል። በሞጣ ከተማ ዙሪያ ያለው ወረዳ ስም፣ ሁለት እጁ እነሴ፣ ሦስት ቦታ ይበጣጠስና «ሁለት» የሚለው ቁጥር ባለበት ገጽ ሁሉ ውስጥ ይሰምጣል። ግሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ ፈለገ፣ ይፈልጋል፣ ፈላጊ፣ ፍለጋ፣ አፈላለገ፣ የሚያስፈልገንን። እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው ፊደል ከፊደል ተያይዞ የቆመ ግንድ ሳይሆን፣ በአናባቢዎች መካከል የተበተነው ፈ-ለ-ገ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ማውጫ ሠሪ ወደደም ጠላም የሥርወ ቃል ሠራተኛ ነው።

ፊደሉም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። በዛሬ አማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጸሐፊው ያቀያይራቸዋል፤ ስለዚህ ፈላጊው ያሻውን እንዲያገኝ ማውጫው ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ግድ ነው። ይሁንና ልዩነቱን ደምስሶ ማለፍ የቃሉን ዘር መቁረጥ ይሆናል። ደህናው መንገድ ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ለማግኘት የተቀላቀለውን፣ ለማወቅ ጸሐፊው የጻፈውን።

በዚህ ላይ የደከሙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ነጋ ዓለማየሁ ከፒተር ዊሌት ጋር የአማርኛ ቃላትን ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው ስለ መመለስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናት አሳትመዋል። ተሰማ ምንዳዬ እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪያቸው የአማርኛ የፍለጋ መሣሪያ ነድፈው ሠርተዋል፤ ገጽ የሚያስሰው፣ ማውጫ የሚሠራውና ጥያቄ የሚቀበለው ክፍል ሁሉ ለአማርኛ የታሰበ ነበር። ይህ የሆነው የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ አንድ ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የፊደል ፕሮግራም አዘጋጆች ለአንዱ ፊደል የተለያየ ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ ለዐይን ግእዝ የሚመስለው ገጽ ለአሳሹ ፕሮግራም የላቲን ምልክቶች ድብልቅ ብቻ ነበር።

ዛሬ የሚቀረን ሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የጽሑፉ ባለቤቶች ነው፦ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ደብር፣ ትምህርት ቤትም ሆነ የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊ፣ ጽሑፉን በፎቶግራፍ ብቻ ከሚለጥፍ በዩኒኮድ ፊደል ይጻፈው፣ የቦታውን ስም ሙሉ አድርጎ ይጥራ፣ ወደ ሌሎች ገጾችም ሊንክ ያድርግ። ሁለተኛው የባለሙያዎች ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ፣ ደስታ ተክለ ወልድ ከመምህራቸው ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት፣ ቃላትን ከነ ሥራቸው አሰልፎ ይዟል፤ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አለ። የፍለጋ መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶች ከእነዚህ መጻሕፍት ቢጀምሩ፣ ሊቃውንት አስቀድመው ያሰሱትን ሥር ለማሽን ማስተማር ብቻ ይቀራቸዋል።