ጠበል፣ መድኃኒትና የሙት ልጆች፤ በኤድስ የተጎዱ ቤተሰቦችና ቤተ ክርስቲያን በደቡብ ጎንደር

ከደብረ ታቦር ወደ ጣና በሚወርደው አገር፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቀው የወንዛዬ ፍል ውሃ ከጥንት ጀምሮ የሕሙማን መሰብሰቢያ ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ሐኪም ያልደረሰለት ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይወርዳል፤ በውሃው ዳር ሰንብቶ ይመለሳል። ፍል ውሃም ይሁን በቤተ ክርስቲያን የተባረከ ጠበል፣ በዚህ አገር ደዌ የጸናበት ሰው ውሃ ፍለጋ መነሣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህም ሐኪም መድኃኒት የለውም ያለው በሽታ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሄደው ወደ ለመደው ስፍራ ነበር። ይህን በድንቁርና ብቻ የተረጎመ የጤና ባለሙያ ቢኖር ነገሩን ከጫፉ እንጂ ከሥሩ አልያዘውም።

የኤች.አይ.ቪ ምልክት በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ለጥቂት ዓመታት የአዲስ አበባና የታላላቅ መንገዶች በሽታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ደቡብ ጎንደር ግን ከመንገድ የራቀ አልነበረም። በደርግ ዘመን በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። በ1982 ዓ.ም. ደብረ ታቦርና አካባቢው የጦር ሜዳ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም ብዙ ወታደር ወደ ተወለደበት መንደር ተመለሰ። በልጅነቷ ተድራ፣ ከባሏ ተፋትታ፣ ወደ ወረታ ወይም ወደ ባሕር ዳር ወርዳ ጠላና አረቄ በመሸጥ የምትተዳደረው ሴት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለአደጋው የተጋለጠች ነበረች።

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ቫይረሱ ያለባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 1.4 በመቶ፣ በአማራ ክልል 1.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ በኤድስ ምክንያት ወላጅ ያጡ ልጆች ከ740,000 በላይ እንደሚሆኑ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ገምቶ ነበር። የመቶኛው ቁጥር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የልጆቹ ቁጥር ግን የነገሩን ክብደት ይገልጠዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የመጀመሪያ ምላሽ በብዙ ስፍራ የሚያስመሰግን አልነበረም። በሽታው የዝሙት ቅጣት ነው የሚል ስብከት በየዐውደ ምሕረቱ ይሰማ ነበር። ይህ ትምህርት ከአንድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ይፈርሳል፤ ከባሏ በቀር ሌላ ወንድ የማታውቀው ሚስት፣ በጡት የተያዘው ሕፃን የማንን ኃጢአት ይከፍላሉ? ቤተሰቡም ከስብከቱ የተነሣ ነገሩን መሸሸግ ጀመረ። ሟቹ በሳንባ ነቀርሳ እንደ ሞተ ይነገራል፤ ቀብሩ በወግ ይፈጸማል፤ ከአርባው በኋላ ግን የመበለቲቱን ጠላ የሚቀምስ አይገኝም። ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ፈተና ገጥሟት ነበር። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ምጽዋት ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ምጽዋቱ አልተነፈጋቸውም፤ መቀመጫቸው ግን ከደጅ አላለፈም።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ማንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሌለው መሣሪያ በእጅዋ ነበር። ይኸውም የነፍስ አባት ነው። የነፍስ አባት ያለ ቀጠሮ ወደ ቤት ይገባል፤ የባልና የሚስቱን ምሥጢር ያውቃል፤ የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዓት የታሰረ ነው። ስለ ምሥጢር አጠባበቅ የሚሠለጥን የጤና ሠራተኛ በዓመታት የሚያገኘውን አመኔታ እርሱ ከአባቶቹ ወርሶታል። ችግሩ ዕውቀት ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ካህናትን ስለ በሽታው ማስተማርን፣ ሕሙማንን በየቤታቸው መንከባከብንና የሙት ልጆችን መርዳትን ከሥራው ጋር አዋሐደ። በብዙ አጥቢያ ለሥርዓተ ተክሊል የሚቀርቡ ሙሽሮች አስቀድመው ደማቸውን እንዲመረመሩ መምከር የተለመደውም በዚሁ ዘመን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የመካነ ኢየሱስና የሌሎችም ወንጌላውያን ማኅበራት በየበኩላቸው ሠርተዋል፤ የእናት ቴሬዛ ደናግል በአዲስ አበባ፣ አስኮ፣ ከቫይረሱ ጋር ለተወለዱ ሕፃናት ያቋቋሙት ቤት ስሙ ይታወቃል። በደቡብ ጎንደር ገጠር ግን ከደጃፍ የሚደርሰው፣ ይብዛም ይነስ፣ የአጥቢያው ካህን ነበር።

ከሟቹ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የንብረት ነው። በሕመሙ ጊዜ በሬው ተሸጧል፤ መሬቱ በእኩል ተሰጥቷል። የቀረው እህል ደግሞ ለተዝካር ይጠየቃል። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለአባት አንዴ ለእናት፣ ተዝካር ካወጣ በኋላ ለልጆቹ ምን ይተርፋል? ስለ ሟች ነፍስ የሚደረገው ጸሎትና ቅዳሴ በድግስ ብዛት እንደማይለካ ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ ለድኻ አደግ የሚሰጥ እንጀራም ከተዝካር እንደሚቆጠር ማስተማር ለካህኑ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለውን ፍርሃት መስበር ነበር። እንዲህ ብለው የመከሩ ካህናት ለሙት ልጆች ያደረጉት ውለታ በየትኛውም የእርዳታ መዝገብ አይገኝም።

በዚህ አገር ወላጅ የሌለው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚገባበት ሌላም በር አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤት። ጋይንት በቤተልሔሙ ድጓና በዙር አባው ዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦርም በአቋቋሙ የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን ገበሬው የማን ልጅ ነህ ብሎ ሳይመረምር ይሰጠዋል። የሙት ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልመናው ነውር ሳይሆን ማዕርግ ይሆንለታል። ነገር ግን ይህ በር ለወንድ ልጅ ብቻ የተከፈተ ነበር። እኅቱ ወይ ለዘመድ ሞግዚት ትሆናለች፣ ወይ ሳትደርስ ትዳራለች፣ ወይ እናቷ ወደ ሄደችበት ከተማ ትወርዳለች። ለእርስዋ የሚሆን ተመሳሳይ መጠጊያ አልተገኘም፤ ይህ ጉድለት በአግባቡ አልተመረመረም።

ትልቁ ክርክር ግን የጠበሉ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ በእንጦጦና በሌሎች ጠበሎች በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ሰፍረው ነበር። መድኃኒትና እምነት አብረው አይሄዱም የሚሉ አጥማቂዎች ስለነበሩ መድኃኒቱን ያቋረጡ፣ በዚያም ምክንያት የሞቱ ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ምእመናንም ሁለቱን አጣምረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ቃሉ አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ እንደሚሆን የቤተ ክርስቲያን ሕግ አስቀድሞ ፈቅዷል። ነገር ግን በሐኪም አፍ ሲነገር የማይሰማው ቃል በፓትርያርኩ አፍ ተሰማ። በዘገየባቸው ዓመታት የጠፉትን ሰዎች የሚቆጥር የለም።

በ2008 ዓ.ም. ጥናት አገር አቀፉ ቁጥር ወደ 0.9 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቋረጥ፣ መድኃኒቱን ሳያጓድሉ የመውሰድ ነገር እንደገና አሳሳቢ ሆነ። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱት ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ይዘው ጠበል ይወርዳሉ፤ ለማግባት ሲያስቡም መጀመሪያ የሚያማክሩት ብዙ ጊዜ የነፍስ አባታቸውን ነው።