የሠራተኞች የዘርና የብሔር ስብጥር እና የድርጅቶች ውጤታማነት

ልዩ ልዩ ዘርና ብሔር ያላቸው ሰዎች አብረው የሚሠሩበት ድርጅት የተሻለ ያተርፋል ወይ? ጥያቄው የሥራ አመራር፣ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ደጋፊዎቹ ስብጥር አዲስ ሐሳብና አዲስ ገበያ ያመጣል ይላሉ፤ ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ በሠራተኞች መካከል መተማመንን ሊያሳሳ እንደሚችል ያስገነዝባሉ።

የገበያውን ጥቅም ቀድመው ካዩት አንዱ የአሜሪካው የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ፔፕሲ ኮላ ነበር። በ1947 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዋልተር ማክ ኤድዋርድ ቦይድን ቀጥረው የጥቁር አሜሪካውያን የሽያጭ ቡድን እንዲያቋቁሙ አደረጉ። የቅጥር መድልዎን የከለከለው የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ቡድኑ የዘር መለያየት ሕግ በነበረባቸው የደቡብ ከተሞች ጭምር እየተዘዋወረ በየኮሌጁና በየቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር ደንበኞችን አፈራ፤ ሽያጩም አደገ።

በ2015 ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት 366 ኩባንያዎችን መርምሮ፣ በአመራራቸው የዘርና የብሔር ስብጥር በላይኛው ሩብ ላይ ያሉት ከዘርፋቸው መካከለኛ ውጤት በላይ የማትረፍ ዕድላቸው 35 በመቶ እንደሚበልጥ ገለጸ። አኃዙ በየስብሰባው ተጠቀሰ። ይሁን እንጂ ስብጥር ትርፍን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ ያተረፈ ኩባንያ ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ለመቅጠር አቅም ይኖረዋልና። ጄረማያህ ግሪንና ጆን ሃንድ የተባሉ የአካውንቲንግ ምሁራን በ2024 ባሳተሙት ጥናት በኤስ ኤንድ ፒ 500 ዝርዝር ውስጥ ያሉ ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ሲፈትሹም ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም።

መንስኤውን በቅርበት ያሳየው ጥናት የተሠራው ኬንያ ውስጥ ነው። ኢኮኖሚስቱ ዮናስ ዮርት በ2014 ባሳተሙት ሥራ በአንድ የአበባ ማሸጊያ የ924 ሠራተኞችን የየዕለት ምርት መረመሩ። ሠራተኞቹ የተመደቡት በሦስት በሦስት ነበር፤ አንዱ አበባ ያቀብላል፣ ሁለቱ በእቅፍ በእቅፍ ያስራሉ። አቀባዩ የሚከፈለው በሁለቱም ምርት ልክ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላ ብሔር ለሆነው አበባ ያሳንስበት፣ ለወገኑ ያደላ ነበር። በዚህም የራሱ ገቢ ሳይቀር ይጎዳ ነበር።

ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ግጭት ሲነሳ አድልዎው ባሰ። ማሸጊያው በምላሹ ለሁለቱ አሳሪዎች በጋራ ምርታቸው መሠረት መክፈል ጀመረ። ለአንዱ ማብዛት ለሌላውም ስለሚተርፍ በሁለቱ መካከል ይደረግ የነበረው ማበላለጥ ቀረ፤ የተቀላቀሉት ቡድኖች ምርትም አንሰራራ። ስብጥሩ ያው ነበር፤ የተለወጠው የአከፋፈሉ ደንብ ብቻ ነው።